የምስክር ወረቀት

ሰኔ 2017 መጨረሻ ላይ ታናሽ እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝና «ማኅተም አገኘሁ!» አለችኝ። ቦታ አገኘሁ አላለችም፤ ሥራ አገኘሁ አላለችም። ማኅተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የምትማረው ስፖርት ሳይንስ ነው። ለክረምት ወደ ቤት ስትመጣ ከትምህርት ክፍሏ አንድ ደብዳቤ፣ በሁለት ኮፒ የተዘጋጀ ቅጽና አንድ ባዶ ሎግ ቡክ ይዛ መጣች። ቅጹ 200 ሰዓት ይላል። 200 ሰዓት ሰዎችን እያየች፣ እየለካች፣ እያሠራች ትለማመድና ያስተናገዳት ድርጅት ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ይመልሳታል። ኢንተርንሺፕ ማለት ነው። ጓደኞቿ ባሕር ዳር ቀርተዋል፤ እዚያ ጂም አለ፣ ክለብ አለ፣ ትልልቅ ሆስፒታል አለ። እናታችን ግን «መንገዱ ሳይረጋ ባሕር ዳር የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አለች። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችን ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ሰላሙና መንገዱ ባንድ ሳምንት ሲገኙ እንደ ሎተሪ ነው የምንቆጥረው።

ስለዚህ እዚያው ከተማዋ ውስጥ መፈለግ ጀመረች። አንዱ ቢሮ «ስፖርት? ኳስ ልታሠለጥኚ ነው?» አላት። ሌላው ደብዳቤዋን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ምናልባት እስካሁን እዚያው አለ። በመጨረሻ አንድ ጂም ገባች። ጂም ስላችሁ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ክብደቶቹ ግማሾቹ የወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ በብረት ዘንግ የተያያዙ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጥርስ የተበየዱ ናቸው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበና እንዲህ አላት፦ «እዚህ መጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ? የሚመጡት አራት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ደረት እንጂ ሌላ ነገር መሥራት አይፈልጉም። አንዱን ቅጽ ተይልኝ። ጳጉሜን ላይ ብቅ በይና ተማኅትሞ ትወስጃለሽ።»

«ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ውሰጂዋ!» አልኳት። ለመልሱ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም።

«አንተ እንደዛ ነው የጨረስከው?»

ይህኛው ግን ፈጀብኝ።

*

እኔ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። በእኛ ጊዜ ትምህርቱ አምስት ዓመት ነበር፤ አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከግቢ ወጥተን ድርጅት ውስጥ እንሠራለን። 2011 ላይ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት በሰዓቱ ሄድኩ። የምቀመጥበት ወንበር አልነበረም፤ አታሚው አጠገብ ቆሜ ወረቀት ለሚያወጡ ሰዎች መንገድ እለቅ ነበር። ኃላፊዬ የተባለው ሰው ጨዋ ነው፤ ባየኝ ቁጥር ይሳቀቅ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ወንድሜ፣ ለምን ትራንስፖርት ትከፍላለህ? ሥራ ሲኖር እደውልልሃለሁ» አለኝ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ሎግ ቡኬን ሞልቼ ሄድኩ። በየገጹ ፈረመ፤ ጸሐፊዋ በየገጹ ማኅተም መታችበት። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ማኅተሙ አንዴ ብቻ ቀለም ስለነካ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው እየገረጣ፣ እየገረጣ ሄዶ መጨረሻው ገጽ ላይ በጭንቅ ነበር የሚታየው። ደብተሩን ከፍቶ ያገላበጠ ሰው፣ አራት ወር የተባለው አራት ደቂቃ መሆኑን ከቀለሙ ብቻ ያውቀው ነበር። ማንም አላገላበጠም። ሪፖርቴ «ኤ» አገኘ።

እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ «ታዲያ ምን ሆንክ?» አለች።

ምንም አልሆንኩም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ የሚያስተምር እንዲሆን አንድ ቀን አለማወቄ ተጋልጦ ከሥራ መባረር ነበረብኝ። አልተባረርኩም። ያን አራት ወር የተከራየሁት ክፍል ውስጥ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ፓይተን ስማር አሳለፍኩት፤ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። ድርጅቱ ውስጥ አታሚ ሥር ብቆም ኖሮ ዛሬ ያለሁበት አልደርስም ነበር ማለትም ይቻላል። ማንም አልተጎዳ፣ እኔም ተማርኩ፣ ወረቀቱም ተገኘ። እንግዲህ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ራሴን ለመክሰስ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋት የለም የሚል መልስ ፈልጌ ነው።

*

ሰርተፊኬት የሚባለውን ነገር አማርኛችን «የምስክር ወረቀት» ይለዋል። በየግድግዳው ስለምናየው ቃሉን መስማት አቁመናል። ምስክር ሰው ነው። ያየ ሰው። ፍርድ ቤት ቢሆን «ነበርክ? አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አላየሁም፣ ግን ልጁ ጎበዝ ነው» ቢል ዳኛው ያስወጡታል።

እኛ አገር ይህ ነገር ከዩኒቨርሲቲ በፊት የታወቀ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ ሲባል የማያውቅ የለም። ከዚህ ተነስቶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚዞር የቆሎ ተማሪ ድጓውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይወርድና «ያስመሰክራል»። ዝማሬ መዋስዕት ከሆነ ዙር አባ ነው የሚሄደው። ማስመስከር የሚለውን ግሥ ልብ በሉልኝ። ስንት ሰዓት ተቀመጥክ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ አንዱ በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል፣ አንዱ ፀጉሩ እስኪሸብት ይቆያል። ግን መምህሩ በገዛ ጆሯቸው ሳይሰሙ «ይህ ሰው ያውቃል» አይሉም። (የአብነት ትምህርት ቤትን በማር ለመቀባት አይደለም። ረሃቡም፣ የውሻ ንክሻውም፣ ዱላውም ያለበት ኑሮ ነው። እኔ አንድ ሳምንት አልቆይበትም።)

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ተረት እኔን አይነካኝም ብዬ ለረጅም ጊዜ እኮራ ነበር። ተምሬያለሁ እኮ። ከተማርኩም በኋላ ነው የጠመጠምኩት። የእኔ ነገር ከተረቱ ያመለጠው በሌላ በኩል ነው፤ ጥምጣሙን ያሰረልኝ ሰው ስማር አላየኝም። ፊርማው «ይህ ልጅ ፓይተን ይችላል» አይልም። «እኔ ዘንድ ነበር፤ አይቼዋለሁ» ነው የሚለው። ስለ እኔ ዕውቀት ሳይሆን ስለ እሱ ዓይን ነው የዋሸው። ለእኔ ሲል።

«ለእኔ ሲል» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከባዱ እሱ ነው። ጉቦ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የኔ ኃላፊ ሳንቲም አልጠየቀኝም። የፍኖተ ሰላሙ ባለ ጂምም እህቴን ሻይ ጋብዟታል እንጂ ምንም አልፈለገም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚልኩትን ደብዳቤ አንብባችሁ ከሆነ ሁልጊዜ የሚያልቀው «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ነው። ትብብር። ሥራ ስጧት አይልም፣ አስተምሯት አይልም። ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው ደግሞ የሚሰጠው ሥራ የለውም፣ የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም፤ ያለው ማኅተም ነው። ያለውን ሰጠ። እምቢ ቢል «ልጅቷን አጉላላት» ይባላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን እንግዳ ያስተናግዳል፣ ለቅሶ ያስደርሳል፣ ዕዳ ያስከፍላል። በሐሰት ያስመሰክራልም።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ችግረኛ ያቀርባል። እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ ብድር የሚጠይቅ ሰው ነው። ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ፣ ይላል ካንት፣ «እመልሳለሁ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም ያጣል፤ ማንም ስለማያምን መዋሸትም አይቻልም። ካንት ይህን ሲጽፍ በሐሳብ ነው። እኛ ኖረንበታል። የተመራቂ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ሲለጠፍ ሁላችንም እንናደዳለን፤ ልጁ ትናንት ተመርቆ ልምድ ከየት ያመጣል? ቀጣሪው ግን የልምምድ ወረቀታችንን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እሱም ተማሪ ነበር። እሱም ቀለሙ የገረጣበት ደብተር አለው።

ካንት ግን ባለ ጂሙን አያውቀውም። የካንት ሰውዬ የሚዋሸው ለራሱ ነው፤ የእኛ ሰው የሚዋሸው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። ምንም ሳያተርፍ። ይህን ስጦታ እምቢ ማለት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ እምቢ ስትል ውሸቱን ብቻ ሳይሆን ደግነቱንም ነው የምትመልሰው።

*

ማንም አልተጎዳም ያልኩትን ልመለስበት።

ከእህቴ ጋር ካወራን በኋላ አንድ የግቢ ጓደኛዬ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። እሱ ያን ሴሚስተር ሙሉ ሠርቷል። የኔትወርክ ገመድ የሚዘረጋ ድርጅት ነበር የደረሰው፤ ኮርኒስ ላይ እየወጣ፣ አቧራ እየዋጠ፣ ጣቱ እስኪቆስል የገመድ ጫፍ ሲገጥም ነው የከረመው። «ቢ» ነው ያገኘው። የእሱ ሪፖርት በእጁ ሥራ የደከመ ሰው ሪፖርት ነበር፤ ስዕሉ ጠማማ፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ። የኔ ያምር ነበር፤ ለማሳመር አራት ወር ነበረኝ። ከተመረቅን በኋላ አንድ ድርጅት ሁለታችንም አመለከትን። እኔን ጠሩኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርኩለትና ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ሳቀ። «የኔ ሪፖርት እኮ እውነትም አስቀያሚ ነበር» አለ። ቀጠለና «ለመሆኑ ያን ሎግ ቡክ ከየት እንደጻፍከው ትዝ ይልሃል?» አለኝ።

ትዝ አላለኝም።

«ከኔ ነዋ! አንድ ቅዳሜ የኔን ደብተር ተቀብለኸኝ አደርክ። ቀኑን አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ገፍተህ ገለበጥከው። እኔ ከመሰላል የወደቅኩበትን ቀን ሳይቀር ‹የሥራ ደህንነት ተማርን› ብለህ ጻፍከው።»

ያለ ቂም ነው የነገረኝ፤ እንደ ጨዋታ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ባዶ ገጽ የሞላሁ መስሎኝ ነበር ለካ። እነዚያ ቀኖች ባለቤት ነበራቸው። የእሱ ኮርኒስ፣ የእሱ አቧራ፣ የእሱ መውደቅ፣ የእኔ ማኅተም። ረስቼው ነበር፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ መርሳቴ ነው።

*

እህቴ ቅጹን አልወሰደችም። የኔን ታሪክ ሰምታ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። «አንተ ስትሳሳት ትመልሰዋለህ» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ ኮድ ባበላሽ ወደ ቀድሞው ሥሪት ለመመለስ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ሁለታችንም በሥራችን ዲስክ የሚባል ነገር እናውቃለን፤ የኔው ባክአፕ አለው፣ የሰው ወገብ የለውም።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቷን እኔም አቅልዬ ነበር የማየው። ስፖርት ሲባል እኛ አገር ሜዳሊያ ነው። አበበ ቢቂላን በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ በ1957 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በስድስት ሳምንት ገደማ ሲያሸንፍም እንዲሁ። ከ1961 የመኪና አደጋ በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ውስጥ፣ እግሮቹ እምቢ ብለውት፣ የላይኛው አካሉን እንደገና ሲያሠለጥንና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ውድድር ሲገባ ግን ብዙ ሰው አያስበውም። እህቴ የምትማረው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ መምታት አለበት? መጻሕፍቱ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ይላሉ። ግን ይህ ግምት ነው፤ ከሰው ሰው በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ይለያያል። ስለዚህ የሰውየውን እጅ መያዝ አለብህ። መጽሐፍ አንብቦ እጅ ሳይይዙ የተመረቁ ሰው አንድ ቀን የደም ግፊት ያለባቸውን እናት «ሩጡ» ይላሉ።

ቦታውን ያገኘችላት አክስታችን ናት። አክስታችን ቡሬ ነው የምትኖረው፤ ከፍኖተ ሰላም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡሬ መንገድ የሚሰበሰብባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። በቆሎው፣ በርበሬው፣ ማዳበሪያው በእሷ በኩል ያልፋል፤ የዘይት ፋብሪካዎቹና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጡ ወዲህ ደግሞ የጭነት መኪናው በዝቷል። ጭነት ሲኖር የሚሸከም ሰው አለ። የአክስታችን ጎረቤት የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባል ነው፤ ማታ ማታ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ ሲያስተኩስ ታየዋለች። «ይችን ልጅ ለምን እነሱ ጋ አትሄድም?» አለች። ዩኒቨርሲቲ ያላሰበውን አክስቴ አሰበችው።

እህቴ ሰኞ ሐምሌ 7 ጀመረች። አክስታችን ቤት እያደረች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ መጋዘኑ ደጃፍ። አንድ ኩንታል በቆሎ 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በሥራ ላይ በሰውነቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ደግሞ በእጅ ለሚነሳ ዕቃ፣ ሁሉም ነገር የተመቻቸ ቢሆን እንኳ፣ 23 ኪሎ ላይ ያቆማል። ይህን ለሰዎቹ ስትነግራቸው አንዱ «23? ልጄን አዝዬ ስሄድ ነው እሱ» አለና ሁሉንም አሳቃቸው።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም አላስተማረቻቸውም፤ ቆጠረች ብቻ። ሁለቱ ያነሳሉ፣ አንዱ በጀርባው ይቀበላል። ወገባቸውን የሚያማቸው አንሺዎቹ ናቸው፤ ተሸካሚዎቹን የሚያማቸው ጉልበትና አንገት ነው። ድካምን በስሜት የሚለካ ከ6 እስከ 20 የሚቆጠር የቦርግ መለኪያ የሚባል አለ፤ ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ የሠራው ነው። ቁጥሩ አልሠራላትም። ስለዚህ የእነሱን ቃል ወሰደች፦ «ምንም አይል»፣ «ደህና ነው»፣ «ከበደኝ»፣ «ያዙኝ»። «ያዙኝ» ያለ ሰው ወዲያው ይቀመጣል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ያው 50 ኪሎ ማዳበሪያ፣ ያው ሰው፣ ከ«ደህና ነው» ወደ «ከበደኝ» ሲሄድ በደብተሯ ላይ አየችው። ጾመኛ ልብ በምን ያህል እንደሚፈጥን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው እጅ አንጓ አነበበች።

የለወጠችው ነገር ትንሽ ነው። አሟሙቁ ስትላቸው ሳቁባት፤ ትክክል ነበሩ፣ ከሌሊቱ ጀምረው በእግር የመጡ ሰዎች ናቸው። ኩንታሉ ይቀነስ ብትል የሚሰማት የለም፤ የሚከፈላቸው በኩንታል ነው። አንድ ነገር ግን ተቀበሏት። ያው ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያነሳ፣ በየመኪናው አንሺና ተሸካሚ እንዲቀያየሩ። «ዶክተር» ይሏት ጀመር። «ዶክተር አይደለሁም» ትላለች፣ በየቀኑ። አንድ አባት ደረቴን ይወጋኛል ሲሏት «እኔ ይህን አላውቅም፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ብላ አስከትላ ሄደች። ከሠራችው ሁሉ እኔን ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

*

ማኅበሩ ማኅተም እንዳለው ያወቅነው በኋላ ነው። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ሕጋዊ። ሊቀ መንበሩ አንድ ደብተር አላቸው፤ ማታ ገንዘብ ሲከፋፈል ማን እንደነበረ የሚታወቀው በእሱ ነው። ለመጣ ሰው አንድ ጭረት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመጨረሻው ስም ሥር «ተማሪዋ» ብለው ጽፈው ኖሯል። ገንዘብ አይደርሳት፣ ግን «እዚህ ቆሞ ያልተቆጠረ ሰው የለም» አሏት።

ዓርብ ነሐሴ 30 ቅጹን ይዛ ሄደች። ጭረቱ ተቆጠረ። 36 ቀን፤ 180 ሰዓት። አራት ሰኞ ጎድሏል፤ ቅዳሜና እሑድን ቤት ውላ መመለሻው መንገድ የተዘጋባቸው ሰኞዎች። «የኔ ጥፋት አይደለም እኮ» አለች። «አይደለም» አሉ፤ 180 ብለው ሊጽፉ ነው።

ይህን ስሰማ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ከላይ ያን ሁሉ የጻፍኩት እኔ፣ ስልክ ደውዬ ለመንኳቸው። «አባቴ፣ 20 ሰዓት ምን አላት፣ እርስዎም እንደሚያውቁት መንገዱ ነው፣ ልጅቷ ለፍታለች…» በደንብ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ አንተ እዚህ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«እነዚያን አራት ቀን እሷን እዚህ አይተሃታል?»

«አላየኋትም።»

«እኔም አላየኋትም» አሉ። «መንገድ የተዘጋ ለት የቀረ አባልም አለኝ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ግን አልተሸከመም። የሱን ሳልቆጥር የሷን ብቆጥር እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል?»

እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል። ይሉኝታ ይህም ነው ለካ።

*

እኔም ዘንድ ዘንድሮ ሦስት ልማዶች መጥተዋል፤ ፈራሚው እኔ ነኝ። አንዱ የቡሬ ልጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለብቻዬ አግኝቶ «ቀን ቀን በሞተር ዴሊቨሪ እሠራለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። መጨረሻ ላይ ብትፈርምልኝ» አለኝ። ኮርኒስ ሥር የከረመው ጓደኛዬን ሳይሆን አታሚ ሥር የቆመውን ራሴን ነበር የመሰለው። ልማዱ አይከፈለውም፤ ወላጆቹ አዲስ አበባ ቤት ያላቸው ሁለቱ ልጆች 100 በመቶ ይገኛሉ። ምስክርነቴን ባጠበቅኩ ቁጥር የሚወድቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ያላየሁትን አልፈርምም፤ ግን ማታ ና፣ ማታ ልይህ» አልኩት። ኮዱን ልኮልኝ ብቻ ልፈርምለት አስቤ ነበር፤ ግን ጊት ላይ የኮሚት ቀን መቀየር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፣ እኔ ራሴ አድርጌው አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ መጣ። ጎበዝ ነው። ከዚያ ቀረ። ያየሁትን ሦስት ሳምንት ብቻ ጽፌ ፈረምኩለት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም። ለአለቆቼ ለልማዶች የትራንስፖርትና የምሳ ይከፈል ብዬ ጽፌያለሁ፤ «እናየዋለን» ተብያለሁ። ትክክል ሠርቻለሁ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ቢያንስ ማታ የሚያካፍሉት ገንዘብ አላቸው።

እህቴ የቀረውን ቅዳሜ ጳጉሜን 1 ጀመረች። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ለት፣ ዝናብ እየመታት ቆማ ስትጽፍ «ተጠመቅሽ» አሏት። አርባኛዋ ጭረት የተሰመረችው ጳጉሜን 5፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ማኅተሙ ብዙ ስለማይነካ ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ እፍ እያሉበት ሦስት ጊዜ መቱት፤ ሦስቱም ግማሽ ግማሽ ወጡ። አማካሪዋ «ጫኝና አውራጅ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከሊቀ መንበሩ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ተቀበላት።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ ባለ ጂሙን ለማመስገንና ሁለተኛውን ኮፒ ለመቀበል ሄደች። እሱ ቃሉን ጠብቆ ኖሯል። ቅጹ ተፈርሞ፣ ቁልጭ ባለ ማኅተም ታትሞ፣ ሰዓቱና ቀኑ ብቻ ባዶ ተትቶ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። «እኔ እኮ አልሠራሁበትም» ልትለው አፏን ከፍታ፣ ፊቱን አይታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀብላ ወጣች። ልትቀደው ስትል እናታችን ከእጇ ነጠቀቻት፤ «ተዪ፣ ወረቀት ነው፤ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» አለችና ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእኔ ዲግሪ ጋር አስቀመጠችው።